ቁምሳጥኑን አብሬ ተሸክሜ ለኔ ሶፊ?

«እትዬ ሰላም ነው? የ28 አመት ሴት ነኝ፣ ድሬ ነው ምኖረው፣ የራሴ ስራ አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከነቤተሰቡ ከሐረር ሸንኮር ለቆ ድሬ ሳቢያን ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ሶስተኛ ፎቅ። አርብ ማታ ሐረር ሄጄ አድሬ ጠዋት ጭነን በአይሱዙ ወረድን። ድሬ ስንደርስ የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች የጠሩት ብር አጎቴን ስላስደነገጠው ራሳችን እናወርዳለን አለ፣ እና በዛ ፀሀይ ከወንዶቹ የአክስቶቼ ልጆች እኩል ነው ያወረድኩት፣ ቁምሳጥኑን ራሱ በአንድ በኩል የያዝኩት እኔ ነኝ። ጨርሰን ወንዶቹ ሲቀመጡ እኔ ሽንኩርት ልከትፍ ገባሁ። ማታ አጎቴ ሐረር ቢራ አስመጣ፣ ለወንዶቹ ሁለት ሁለት፣ እኔ ጋ ሲደርስ ላንቺ ሶፊ ማልት አለኝ። እኔ ደሞ ከቢራ ሁሉ ምወደው ሐረርን ነው፣ ቀኑን ሙሉ እሱን እያሰብኩ ነው የዋልኩት። እኔም ቢራ ነው ምፈልገው ስለው «ባህላችን አይደለም» ብሎ ሳቀ፣ ሁሉም ሳቁ። ምንም ሳልናገር ተነስቼ ወጣሁ፣ ታች ካለው ግሮሰሪ ብቻዬን አንድ ቀዝቃዛ ሐረር ጠጥቼ ቤቴ ሄድኩ። ጠዋት እናቴ ደወለች፣ ግሮሰሪ ቁጭ ብለሽ ስትጠጪ ታይተሻል ብላ። አሁን አጎትሽን ይቅርታ ጠይቂ እያለችኝ ነው። የፊታችን እሁድ ደሞ የቤት ምርቃቱ ነው። ልጠይቅ? ልሂድ? ወይስ ለአንድ ቢራ ያበዛሁት እኔ ነኝ?»
ቁምሳጥን ተሸካሚዋ፣ ከድሬ

የኔ እናት፣ ይቅርታ አትጠይቂም። ይሄን መጀመሪያ ልበልሽና ከዛ ተረጋግተን እናውራ፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽን ሳነበው እኔ ራሴ ነው ደሜ የፈላው፣ ደሜ ፈልቶ ደሞ ጥሩ ምክር አይወጣኝም፣ ስለዚ ቡናዬን እስከ በረካ ጠጥቼ ነው ምፅፍልሽ።

እስቲ ቀኑን እንየው። ቤት መቀየር ምን እንደሆነ ተሸክሞ ያላየ ሰው አያውቀውም፣ ያንቺ ደሞ የባሰ ነው። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጠዋት ሹራብ ታስለብሳለች፣ ድሬ 1,200 ገደማ። አወዳይን ሐሮማያን አልፈሽ ደንገጎን ስትጠመዘዢ ስትጠመዘዢ ትወርጂና በሃምሳ ምናምን ኪሎሜትር ውስጥ ከብርድ ልብስ ወጥተሽ ምጣድ ላይ እንደተቀመጥሽ ነው፣ በዛ ላይ ግንቦት፣ ከ35 ዲግሪ በላይ ሚሆንበት ቀን ሚበዛበት ወር። ስንት ሰአት እንደደረሳችሁ አልፃፍሽም ግን እቃ ጭኖ ሚወርድ አይሱዙ ቀትር ሳይሆን ሚደርስ አይመስለኝም፣ ቀትር ማለት ደሞ ድሬ ውስጥ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ያለው ሰው እንኳን ወሬ አቁሞ፣ ወንዱ ሽርጡን ታጥቆ ጋደም ሚልበት ሰአት ነው። በዛች ሰአት አንቺ ደረጃ ላይ ነበርሽ።

ቁምሳጥኑን ደሞ አስቢው። የኮንዶሚኒየም ደረጃ እንደምታውቂው ጠባብ ነው፣ መታጠፊያው ላይ ቁምሳጥን ሲደርስ አንዱ «ወደኔ» ሌላው «ወደላይ» እያለ ግድግዳው ሚላጠው እዛ ጋ ነው። ከላይ የያዘው ሰው አቅጣጫ ነው ሚያሳየው፣ ክብደቱ ያለው ከታች የያዘው ሰው ላይ ነው። አንቺ ከታች ነበርሽ ከላይ? ከታች ከነበርሽ ሁለቱም ቢራ ያንቺ ነበር፣ ወላሂ።

አሁን «ለአንድ ቢራ» ያልሽው ጋ ልምጣ፣ ምክንያቱም ራስሽን ለማሳነስ ነው እንደዛ የፃፍሽው። እኛ ሀገር ዘመድ ለዘመድ ሲሰራ ብር አይከፈልም፣ አጎትሽ ማታ ላይ ኪሱ ገብቶ ብር ቢቆጥርልሽ ኖሮ ከዚ በላይ ትቀየሚው ነበር፣ አይደል? ገጠር ደቦ ሲወጣ ሰው ለሰው አጭዶ ወቅቶ ውሎ ሚከፈለው በእህልና በጠላ ነው፣ ባለ እርሻው ድግሱን ያዘጋጃል፣ የሰራው ሁሉ ይበላል ይጠጣል፣ ተራው ሲደርስ ደሞ እሱ ሌላው ጋ ሄዶ ይሰራል። ከተማ ገብተን ደቦውን ብንረሳም ቤት ስንቀይር ያው እሱኑ ነው ምናደርገው፣ ጠላው ቢራ ሆኗል በቃ። እና ማታ ላይ ሚመጣው ጠርሙስ ደሞዝ ነው፣ ማን ሰራተኛ ተብሎ እንደተቆጠረ ሚታወቀውም እዛ ላይ ነው። አጎትሽ ሲያከፋፍል አይኑ ወንዶቹን ቆጠረና አንቺን ከህፃናቱ ጋር ደመረሽ። ሊሰድብሽ አስቦ ላይሆን ይችላል፣ እንደውም አላሰበም ባይ ነኝ፣ ሳያስብ ማድረጉ ግን ቁጥሩን አያስተካክለውም።

«ባህላችን አይደለም» ሚለው ግን አቦ ያስቀኛል! የትኛው ባህል? በዚ ሀገር የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ ጊዮርጊስ ነው፣ እሱም የተቋቋመው በ1922 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሐረር ቢራ ፋብሪካ ደሞ በ1984፣ እንደገና በ2011 ሄኒከን ሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ከመንግስት ገዛው፣ ከበደሌ ጋር አንድ ላይ። እና አጎትሽ ዕድሜው ሃምሳ ካለፈ ከሐረር ቢራ እሱ ይበልጣል ማለት ነው፣ በዕድሜ ከሚያንሰው ጠርሙስ ላይ ነው ባህል ሚያወራሽ። ወደ ጥንቱ እንሂድ ካለሽ ደሞ እሺ እንሂድ፣ ጠላን ጌሾ ወቅጣ፣ ብቅል አብቅላ፣ ጋኑን አጥና ምትጠምቀው ማናት? ለእንግዳ ስትቀዳስ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ምትቀምሰው ማናት? እናቶቻችን እኮ ሳይቀምሱ ቀድተው አያውቁም፣ ያኔ ማንም ነውር ነው አላለም። ነውር የሆነው ጠርሙሱ ቆርኪ ሲያወጣና ሴትየዋ ወንበር ስባ ስትቀመጥ ነው።

ያም ሆኖ ለሶፊ ጠበቃ ልቁምለት፣ ምክንያቱም በደብዳቤሽ እንደ ስድብ ነው የፃፍሽው። ሶፊ አልኮል የሌለው ማልት ነው፣ ስሙም ከሐረር ጋር ነው ሚነሳው፣ እኛ ጋ ደሞ ግማሹ ጎረቤት ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን በሆነበት ከተማ ሰርግ ላይ፣ ሀዘን ላይ፣ ምርቃት ላይ እሱ ከጠረጴዛው ከጠፋ እንግዳው ግማሹ ጉሮሮው ደርቆ ሊሄድ ነው። ማይጠጣን ሰው ማክበሪያ ነው እንጂ ሚጠጣን መቅጫ አይደለም። አጎትሽ ሶፊ ማምጣቱ ጥሩ፣ ጥፋቱ ሳይጠይቅሽ ማምጣቱ ነው፣ «ምን ይምጣልሽ» ማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይጨርሳል? ቢራ ነው ምፈልገው ስትዪው ደሞ መሳቁ። ይቅርታ ሚባል ነገር ካለ ለሳቁ ነው፣ እሱም ካንቺ ሚወጣ አይደለም።

አሁን ደሞ አንቺን ትንሽ ልንካሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ አጎትሽ አለ፣ ወንዶቹ አሉ፣ አይሱዙው አለ፣ የአጎትሽ ሚስት የት ናት? አንድም ቦታ አልጠቀስሻትም። ሸንኮር ቤቷን አፍርሳ፣ ብርጭቆውን አንድ ባንድ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ልጆቿን አስከትላ፣ ድሬ ገብታ ወጥ የሰራችው እሷ አይደለችም እንዴ? ሽንኩርቱን አብራሽ ስትከትፍ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ለሷ ምን መጣላት? ሶፊውም መድረሱን እጠራጠራለሁ። አንቺ ቢያንስ ተነስተሽ ግሮሰሪ የመውረድ አቅም ነበረሽ፣ እሷ እቃው ሳይዘረገፍ፣ ልጆቹ ሳይተኙ የት ትወርዳለች? ምልሽ ይሄን ነገር ካነሳሽው አይቀር ለራስሽ ብቻ አታንሺው። ምናልባት ቢራ አፏ አይገባም፣ ምናልባት ደሞ አስራ ምናምን አመት ሙሉ ጠይቋት ሚያውቅ ጠፍቶ ነው፣ እኔ አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም፣ ጠይቂያታ።

ግሮሰሪው ላይ ምለው ብዙ የለኝም። አንድ ቢራ፣ በራስሽ ብር፣ ማንንም ሳትሰድቢ፣ ሳህን ሳትወረውሪ፣ ጠጥተሽ ሂሳብ ከፍለሽ ሄድሽ። ከዛ በላይ ጨዋ አወጣጥ ምን አለ? ወንዶቹ ቢሆኑ ኖሮ እኮ ጠብ ይነሳ ነበር። ደሞ ሚገርመኝ ያየሽ ሰውዬ ነው፣ «ግሮሰሪ ቁጭ ብላ ስትጠጣ አየኋት» ሚለው፣ እሱ ራሱ እዛ ምን እያደረገ ነበር? ሻማ እያበራ ነው? እሱ ለናትሽ ሲደውል የት ሆኖ እንዳየሽ ሚጠይቀው ጠፋ።

አንድ ሁለት ነገር ስለ ጤናሽ ግን ልንገርሽ፣ ታላቅ ነኝና። ቀኑን ሙሉ ያላበው ሰውነት መጀመሪያ ሚፈልገው ውሃ ነው፣ ቢራ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጥም ሚቆርጥ ይመስላል እንጂ አልኮሉ ሽንት ስለሚያበዛ ከሰጠሽ ውሃ መልሶ ይወስድብሻል። ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ከዛ እህል፣ ከዛ ቢራሽ። በባዶ ሆድ ከሆነ ቶሎ ነው ጭንቅላት ላይ ሚወጣው። ደሞ ሴት ሰውነቷ ውስጥ ያለው ውሃ ከወንድ ስለሚያንስ ኪሎዋ እኩል ቢሆን እንኳን ያው አንድ ቢራ እሷ ላይ ይበረታል፣ ይሄ ሳይንስ ነው፣ አጎትሽ ይሄን ብሎ ቢከራከርሽ ኖሮ ቢያንስ ጆሮ እሰጠው ነበር፣ ግን እሱም ቢሆን አንድ ይበቃሻል ያስብላል እንጂ ሶፊ ጠጪ አያስብልም። ወንዶቹ ደሞ ሲጭኑ ሲያወርዱ ጫት እየቃሙ ከነበረና ማታ ያመጡት ጨብሲ፣ ማለት የጫቱን ምርቃና መስበሪያ መጠጥ፣ ከሆነ እነሱን አትከተያቸው፣ ጫት ድካሙን ይደብቅብሻል፣ ስንት እንደጠጣሽም አይታወቅሽም፣ ጉዱ ሚወጣው በነጋታው ነው። የአይሱዙው ሹፌርስ? ማታውኑ ደንገጎን ሊመለስ ከሆነ እሱን ነበር ሶፊ ማጠጣት፣ በግድም ቢሆን።

(ደሞ ስለ ቀዝቃዛ ካነሳን፣ ፍሪጁን አይሱዙ ላይ አጋድማችሁት ከመጣችሁ እንደደረሰ ወዲያው ሶኬት ላይ አይሰካም፣ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቦታው እስኪመለስ አቁሞ ሰአታት መጠበቅ ነው። አጎትሽ ቢራውን ላቀዝቅዝ ብሎ ያኔውኑ ሰክቶት ከሆነ እሱም ሌላ ጥፋት ነው፣ እሁድ ስትሄጂ ፍሪጁ ይሰራል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ። ድሬ ሆኖ ለብ ያለ ቢራ ለእንግዳ ማቅረብ ካንቺ ነገር ባይብስም ቅርብ ነው።)

እናትሽ ጋ ስትደርሺ «ሶፊ ነው የጠጣሁት» ብለሽ እንዳትዋሺ፣ ውሸቱ ያልሰራሽውን ጥፋት ጥፋት ያደርገዋል። እናትሽ የፈራችው ቢራውን አይመስለኝም፣ ወሬውን ነው፣ የሷን ዘመን ደሞ ታውቂዋለሽ፣ ሴት ልጅ ስሟ አንዴ ከተነሳ ምናምን። እሷን በክርክር አታሸንፊያትም፣ አትሞክሪው። ከዛ ይልቅ ቅዳሜን ከጠዋት ጀምረሽ ንገሪያት። ቁምሳጥኑን መሸከምሽን ታውቃለች? አታውቅም፣ ልወራረድ፣ ያ ደዋይ ግሮሰሪውን ብቻ ነው የነገራት። ወገብሽን እንዳመመሽ፣ እጅሽ እንደተላጠ፣ ሽንኩርት እንደከተፍሽ፣ ከዛ ሁሉ ሲስቁብሽ እንደተነሳሽ ስትሰማ እናት ናት፣ ቢያንስ «ለምን ተሸከምሽ?» ብላ ነገሩ ወደ ወንድሟ ይዞራል። ወንድሟን ደሞ እሷ ነች ምታውቅበት።

አጎትሽን ከእሁድ በፊት አናግሪው። ምርቃቱ ላይ ሰው ፊት አይሆንም፣ እልህ ይይዘዋል፣ የቤተሰብ ዋትሳፕ ግሩፕ ላይማ ጭራሽ! እዛ ከተፃፈ ካናዳ ያለው ዘመድ ሁሉ ዳኛ ሆኖ ይገባና ሶስት ወር ሚዘልቅ ጠብ ይሆናል። ስልክ ደውዪለት ወይ ከስራ ስትወጪ ብቅ በይና ብቻውን አግኚው። እንደኛ ሀገር ሰው በሳቅ ጀምሪው፣ ድሬ አድገሽ አጎትሽን አንተ እያልሽ ነው ያደግሽው፣ መሀላችሁ አጥር የለም። እንዲህ በይው፦ «አጎቴ፣ ቁምሳጥኑን ሳነሳ ሴት መሆኔን አላስታወስክም፣ ቢራው ሲመጣ ነው ያስታወስከው። እሱ አልከፋኝም፣ መሳቅህ ነው የከፋኝ።» ከዛ ዝም በይ። ይሄ ዝምታ ነው ከባዱ፣ አፍሽ ሊያብራራ ይፈልጋል፣ እኔኮ ብዙም አልጠጣም፣ እኔኮ እንደዛ አይነት አይደለሁም ማለት ያምርሻል። አትበዪ። ስለ ጠባይሽ ምስክር ቁጠሪ ያለሽ የለም።

አብዛኛው አጎት እዛ ጋ ይስቃል፣ ትንሽ ያፍራል፣ «ውይ አቦ እንደዛ አስቤ አይደለም» ይልሻል፣ አለቀ። ቢቆጣ ግን፣ «አንቺ ደሞ አድገሽ ልትመክሪኝ ነው» ካለ፣ አትመላለሺው፣ «የተሰማኝን ነው የነገርኩህ» ብለሽ ውጪ። ያኔም ቢሆን እሁድ ሂጂ። ምርቃቱ የሱ ብቻ አይደለም፣ የሚስቱም የልጆቹም ነው፣ በዛ ላይ ያንን ቤት በጀርባሽ ሞልተሽው ነው፣ ቅዳሜ ተሸክመሽ እሁድ ልትቀሪ ነው እንዴ? ከቀረሽ ሚወራው ቢራ ስለከለከሏት ነው የቀረችው ተብሎ ነው። ለሚቀጥለው ቤት ቅየራ ሲደውልልሽ ግን ወገብሽ ሊያምሽ ይችላል፣ እሱ ያንቺ መብት ነው፣ ለወንዶቹ የአክስት ልጆችም ቢሆን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ እቃ ካነሳሁ ወጥ አልሰራም፣ ወጥ ከሰራሁ እቃ አላነሳም፣ ምረጡ ብለሽ። ሁለቱንም የሰራሽው አንቺ ብቻ ነሽ፣ እነሱ አንዱን ሰርተው ሁለት ጠጡ።

ምርቃቱ ላይ ምን ይዤ ልሂድ እንዳትዪኝ እንጂ አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ፣ ነገር ለማሳየት ብለሽ ቢራ በሳጥን ተሸክመሽ እንዳትገቢ። ብልሃት ይመስላል፣ ግን ባለ እዳው እሱ ሆኖ ሳለ ከፋይ አንቺ ትሆኛለሽ፣ ደሞ ሰው ፊት ልታዋርጂው የመጣሽ ያስመስልብሻል። ለሚስቱ ጥሩ የሐረር ቡና ኪሎ ያዢላት፣ ለሷ ብለሽ፣ ለሷ ስጫት፣ ስትሰጫትም ጓዳ ገብተሽ አንድ ነገር ልርዳሽ ከማለትሽ በፊት ዛሬ እንግዳ ነኝ ብለሽ ቁጭ በይ፣ እሷንም ጎትተሽ አስቀምጫት፣ ወንዶቹ ሳህን ማንሳት አያቅታቸውም፣ ቁምሳጥን ያነሳ እጅ እኮ ነው።

እናትሽ ጋ ግን ዛሬውኑ ደውዪ። እሁድን ከጠበቅሽ ያቺ አንድ ቢራ ሐረር ደርሳ ስትመለስ ሳጥን ሙሉ ሆና ነው ምትመጣው።